የጦርነት ፊልም ሊያነሱ ከመጡት ጋር በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ድሬዳዋ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አዲስ አበባ እንዴት ናት?» ይለኛል። መልሴ ያው ነው፤ አላየኋትም። ሳምንቱን ሙሉ ዙሪያዋን ስዞር ሰንብቼ፣ ከአጥር ውጭ እንደተመለሰ እንግዳ አገሬ ገባሁ። ያየሁት ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ነው። ከእኛ አገር ሰው ወደዚያ የሚያስኬድ ጉዳይ ያለው ጥቂት ስለሆነ፣ ለማይሄደው እንዲሆን ይህችን ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የውጭ አገር ሰዎች የዚያን ዘመን ጦርነት በፊልም ሊያነሱ መጡና ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ፈለጉ። እኔ ደግሞ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ከተሳፋሪ ጋር በፈረንሳይኛ መጨቃጨቅ እንጀራዬ ነው። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ስሜን ነገራቸው፤ የዓመት ዕረፍቴም ደርሶ ነበር። ባለቤቴ «ሰው በዕረፍቱ ያርፋል፤ አንተ ጦርነት ትሄዳለህ» እያለች ሻንጣዬን አዘጋጀችልኝ። ሁለተኛ ሹራብ ልጨምርልህ ስትለኝ አልሰማኋትም። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ጥቅምት በእኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም ነበር።

ሰኞ

ጠዋት ሊቶሪና በምትባለው ፈጣን ባቡር ተነሳሁ። በደንብ ልብስ ሳይሆን በተሳፋሪነት መቀመጥ ደስ ይላል፤ ቢሆንም ልማድ ሆኖብኝ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሰው አስቀመጥኩ። አዋሽ ላይ ምሳ በላሁ። ከሞጆ ወዲያ በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ጠባዩን ለወጠ፤ ዱከም ስንደርስ ኮቴን ቆለፍኩ።

አዲስ አበባ ጣቢያ የጠበቀኝ የፊልሙ ሰዎች የጭነት መኪና፣ ካሚዮኑ፣ ሻይ እንኳ ሳያስጠጣኝ በቀጥታ ወደ ሰበታ ወሰደኝ። ፉሪ ዳገት ላይ ዞር ስል ከተማዋ ከኋላዬ መብራት በመብራት ሆናለች። ያየኋት ያን ያህል ነው።

ያደርኩት ኦቦ ገመዳ ከሚባሉ ገበሬ ቤት ነው። የፊልሙን ሰዎች በፈረስና በሰው የሚረዷቸው እሳቸው ናቸው። በዱር በገደል ከጠላት ጋር የተዋጉ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጅርታ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ሲጠይቁኝ በእኛ በሐረርጌው አነጋገር መለስኩላቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ሳቀ። «ከግመል ጋር ያደገ ሰው አመጣችሁብን!» አሉ። ቂጣ በቅቤ፣ አይብና ጎመን ቀረበ። አልጋቸውን ለቀውልኝ እሳቸው መደብ ላይ ተኙ፤ ብለምናቸው፣ ብለምናቸው እምቢ አሉ። እኛ ድሬዳዋ አልጋ ወደ ግቢ አውጥተን ራቁታችንን ለመተኛት ምንም አይቀረንም፤ እዚህ ሦስት ጋቢ ደርበውልኝም እግሬ አልሞቀም። ሁለተኛዋን ሹራብ አሰብኳት።

ማክሰኞ

ጠዋት ከገበያው አጠገብ ሰው መረጣ ነበር። የፊልሙ አለቃ ሙሴ ሉዊ ይባላል፤ ሙሴ በፈረንሳይኛ አቶ ማለት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ኢትዮጵያን ገና አገሩ ሳለ ጨርሷት ነው የመጣው። አርበኛ ማለት ለሱ ቀጭን፣ ረጅም፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ ነጭ የለበሰ ወንድ ነው። ወፍራሙን መለሰው። መነጽር ያደረገውን መለሰው። ካኪ ኮት የለበሱትን አስወለቃቸው። ጫማ ያደረገ ሁሉ ጫማውን እንዲያወልቅ ንገር አለኝና ነገርኩ።

ኦቦ ገመዳ ጫማቸውን አላወለቁም። «እኔ ያን ጊዜ ጫማ ነበረኝ» አሉ።

«ከየት አምጥተው?» አልኳቸው።

«ከጠላት እግር ላይ። ንገረው!»

ነገርኩት። ሙሴ ሉዊ ትንሽ አሰበና «እውነት ሊሆን ይችላል፤ አያምርም እንጂ» አለ።

ከዚህ የባሰው የጠላት ወታደር ማግኘት ነበር። ቆቡንና ልብሱን ደርድረው ሰው ቢጠሩ፣ ከተሰበሰበው ሁሉ እጁን የሚዘረጋ ጠፋ። አንዱን ጎበዝ ለመንኩት፤ «ጋሼ፣ ይህን ለብሼ ሰው ካየኝ ልጃገረድ የሚሰጠኝ አለ?» አለኝ። «የውሸት እኮ ነው» ስለው፣ «ቆቡ የውሸት ይሁን፤ ራሱ ግን የኔ ነው» ብሎኝ ሄደ። በመጨረሻ የፊልሙ ሰዎች የራሳቸውን ሾፌሮች፣ ወጥ ቤቶችና መብራት አብሪዎች አለበሷቸው። ስለዚህ በዚህ ፊልም አገራችንን ሊወር የመጣው ጦር የሾፌርና የወጥ ቤት ጦር ነው፤ በዚያ ሳምንት ምሳ የዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መረጣው ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት ጠመንጃ በትከሻቸው አንግተው መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይሆናል፤ ጠይም፣ አጠር ያሉ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ። ኦቦ ገመዳ ሲያዩዋቸው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ለዚያ ሁሉ ፈረንጅ አልተነሱም ነበር።

«ወይዘሮ በላይነሽ ትባላለች» አሉኝ፤ «ጦር ሜዳ አብረን የዋልን ናት።»

ወይዘሮ በላይነሽ ለኔ «ዘማች ይመረጣል ሲባል ሰምቼ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ለሙሴ ሉዊ አስተረጎምኩ። ሴቶችም እንደሚያስፈልጉት፣ ግን ለውሃ መቅጃ እንደሆነ፣ ጠመንጃውን ቤታቸው ቢያስቀምጡት እንደሚሻል ነገረኝ። ይህንም አስተረጎምኩ።

«ውሃም ቀድተናል» አሉ፤ «ውሃ የቀዳነው እኛ፣ የተኮስነውም እኛ። እመጣለሁ። ጠመንጃውም ይመጣል፤ የኔ ስላልሆነ ለማንም ትቼው አልሄድም።»

ረቡዕ

ወደ ቡራዩ ጉዞ። እንደገና አዲስ አበባን በጎኗ አልፈን በአምቦ መንገድ ወጣን። ከዋናው መንገድ ወደ ገፈርሳ ውሃ ስንታጠፍ ካሚዮኑ ጭቃ ውስጥ ገብቶ እስከ ሆዱ ተቀበረ። እኛ አገር መኪና የሚይዘው አሸዋ ነው፤ አሸዋ ሰው ያከብራል፣ ብትቆፍረው ይለቅሃል። የቡራዩ ጭቃ ግን ጫማዬን ከነካልሲዬ ነው የነጠቀኝ። ሙሴ ሉዊ እጁን እያወናጨፈ ሲጮህ በመንገዱ የሚያልፉ ገበሬዎች ቆመው አዩን፤ ከዚያ ማንም ሳይለምናቸው ጥማድ በሬዎች አምጥተው ጎተቱልን። ሊያመሰግናቸው ሲሮጥ እነሱ ጅራፋቸውን ይዘው ሄደዋል።

ከመንገዱ ዳር ያለች እናት እግሬን በሞቀ ውሃ አሳጥባ የባሏን ጫማ ሰጠችኝ። የጾም ቀን ስለነበር ሽሮና የተቆላ ባቄላ በላን። «ድሬዳዋ የት ነው?» አለችኝ። «ባቡር የሚያድርበት» ብላት አላረካትም። «ጭቃ አለ?» አለችኝ። የለም ብላት አዘነችልን፤ «ታዲያ ምን ላይ ትዘራላችሁ?»

ሐሙስ

ጠዋት በገፈርሳ ባሕር ዛፍ ውስጥ የውጊያ ትርኢት ተነሳ። የሾፌሮቹ ጦር ተኮሰ፤ የእኛዎቹ ወደቁ። ከወደቁት አንዱ የቡራዩ ልጅ ነበር። አክስቱ ወደ ገበያ ስታልፍ ደም በሚመስል ቀለም ተለውሶ አየችው። እንስራዋን ጥላ ጮኸች። እሷ ስትጮህ በመስኩ ያለው ሰው ሁሉ ጮኸ፤ ጥቂት ሳይቆይ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ለቀስተኛ ዛፉን ከበበው። ልጁ ተነስቶ «አለሁ!» ቢል መጀመሪያ የሰማው የለም። ሙሴ ሉዊ ካሜራውን ወደ ለቅሶው እንዲያዞሩ እየጮኸ ነበር፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ በገንዘብም አይገኝም አለኝ። አክስትየው ግን ልጁ በሕይወት መኖሩን ስታውቅ ዱላ አንስታ በዚያው ካሜራ ፊት ገረፈችው። ለቅሶ የመጣው ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም በሚል ጠላ ተቀድቶለት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ከውሃው ዳር እንስራ ተሸክመው እንዲያልፉ ሆነ። ወይዘሮ በላይነሽም አለፉ። «ቀስ በሉ፣ አንገታችሁን ዝቅ» ይላል ሙሴ ሉዊ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። ደግመው ደግመው አለፉ። ሲያበቃ ሣሩ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከአገልግላቸው ጭኮ አወጡልኝ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው። ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ቢበላ አንድ ቀን ያስተኛል፤ እዚያ ብርድ ላይ ግን መድኃኒት ሆነኝ።

ጠመንጃው የማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የአያንቱ» አሉ። «የሱሉልታ ልጅ ናት። ባሏን ጠላት ገደለውና ጠመንጃውን ይዛ ጫካ ገባች። ሁለት ሴቶች ነበርን፤ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን እናድር ነበር። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከጎኔ ወደቀች። ሌት መጥተን ስንፈልጋት ጅብ ቀድሞናል። መቃብር የላት፣ ልጅ የላት፣ ፎቶግራፍ የላት።»

አገልግላቸውን ከደኑ።

«ገመዳ ‹እኔ እስካለሁ የሚያስታውሳት አለ› ይላል። ገመዳም ያረጃል፤ እኔም። ይህ ፊልም የሚባለው ግን አያረጅም አሉኝ። እውነት ነው?»

«ይቆያል፣ እትዬ» አልኳቸው።

«እንግዲህ ለዚህ ነው የመጣሁት። ለልጅ ልጅ የሚቆይ ከሆነ፣ ወንድ ብቻ ታይቶበት ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ ከቀሩ፣ አያንቱ ሁለተኛ ሞተች ማለት ነው። እኔ ልታይ አላልኩም። እሷ ትታይ።»

የሞተች ሰው በፊልም እንዴት እንደምትታይ አላወቅኩም፤ ለመጠየቅም ከበደኝ። ማታ ለሙሴ ሉዊ ነገሩን ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ታሪኩ ልብ የሚነካ ነው፣ ግን ፊልሙ የሌላ ሰው ታሪክ ነው አለኝ።

ዓርብ

እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ወረድን። ቁልቁለቱን ሳይ የካሚዮኑን ፍሬን ያህል የጸለይኩለት ነገር የለም። ሱሉልታ ሜዳ ነው፤ እስከ ዓይን ጥግ ሣር፣ ከብትና ፈረስ። ፈረሶቹን ስናይ ሁላችንም ቆምን። እኛ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ነው የምናውቀው፤ ጎድኑ የሚቆጠር፣ ተስፋ የቆረጠ። እነዚህ ግን ጌጥ ለብሰው እንደ ሙሽራ ይንጎማለላሉ። ብርዱ ግን ሌላ ነው። ያደርኩበት ቤት ባለቤት ተልባ አሞቀችልኝ፣ ጥጃዎቹ ካሉበት በኩል አስተኛችኝ። «እነሱ ያሞቁሃል» አለችኝ። አሞቁኝ። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ አሁን አንብባ ታውቀዋለች።

ቅዳሜ

ዋናው ቀን ይህ ነበር። ከጦርነቱ በፊት አርበኞቹ ተሰልፈው አንዱ ሲፎክር ሌላው ሆ ብሎ ሲመልስለት ሊነሳ ነው። ፎካሪ ሆኖ የመጣው ጌታሁን የሚባል የቴያትር ልጅ ነው፤ መልከ መልካም፣ ድምፁ ያማረ፣ ትሑት ልጅ። ጠመንጃውን ነቅንቆ «ዘራፍ!» ብሎ ወጣ። ግጥሙም አካሄዱም ጥሩ ነበር። ሰልፉ ግን ድርቅ ብሎ ያየዋል። አንድ ሰው አልተነፈሰም።

ሙሴ ሉዊ «ለምን አይጮሁም?» ብሎ ተቆጣ። እንደገና ይባል አለ፤ ተባለ። እንደገና ዝም።

ከዚያ ኦቦ ገመዳ ከሰልፉ ወጥተው «ልጄ፣ ግጥሙ ሸጋ ነው» አሉት፤ «ግን የት ውለህ ነው የምትፎክረው?»

ጌታሁን ፊቱ ተለዋወጠ። «የትም አልዋልኩም፣ አባባ። እኔ ያን ጊዜ ጡት እጠባ ነበር» ብሎ ጠመንጃውን አወረደ።

ለሙሴ ሉዊ ለማስረዳት ላቤ መጣ፤ በዚያ ብርድ። ሰው ያልሠራውን አይፎክርም፤ ቢፎክር ሰሚው አይመልስለትም፤ መመለስ ማለት አዎ፣ አድርገሃል ብሎ መመስከር ነው አልኩት። ግንባሩን አሸና «እሺ፣ የዋለ ይፎክር! ይኸው ሽማግሌው» አለ።

ኦቦ ገመዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሰበታ በኩል ቢሆን ልሳኔ እስኪዘጋ እፎክርለት ነበር። እዚህ ሜዳ ላይ ግን አልዋልኩም። የዋለች እዚያ አለች።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ወይዘሮ በላይነሽ ከሴቶቹ ጋር እንስራ አዝለው ቆመዋል። እንስራውን ቀስ አድርገው አወረዱት። ጠመንጃውን ከካሚዮኑ ላይ አመጡ። ወደ መሃል ሲገቡ ሰልፉ መንገድ ከፈተላቸው።

«ዘራፍ! ያያንቱ እህት፣ ያያንቱ ባልንጀራ፣
ቀን ከሜዳው ውላ ሌት ከተራራ!
ጠመንጃዋን ከወደቀችበት ያነሳሁ፣
ሁሉን ብረሳ እሷን መች ረሳሁ!»

ሜዳው በሆታ ተናወጠ። ፈረሶቹ ተነሱ። ወጥ ቤቶቹ ሳይቀሩ የጠላት ቆባቸውን አውልቀው ጮኹ። በአማርኛ ብለው፣ በኦሮምኛ ደገሙት፤ ሰልፉ በሁለቱም መለሰላቸው። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም።

ሙሴ ሉዊ ካሜራ አንሺውን አቀፈው። ከዚያ ወደኔ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ የወንዶቹ ፊት ድንቅ ነው፣ ይቀመጣል፤ የሴትዮዋ ግን ይቆረጣል፤ በኛ አገር ያለ ተመልካች አያምንም፤ በሷ ቦታ የጌታሁንን ፊት እናስገባለን።

ይህን ማስተርጎም ነበረብኝ። ቃል በቃል አስተረጎምኩ። ጌታሁን ቀድሟቸው መለሰ፤ «ሌላ ሥራ ካለ ልሥራ፤ የሰው ፉከራ ቀምቼ ግን አባቴ ቤት አልገባም።» ሙሴ ሉዊ እንግዲያው ፉከራው በሙሉ ይቀራል፣ ሆታው ብቻ ይበቃል አለ። ወይዘሮ በላይነሽ ጠመንጃውን በትከሻቸው አነገቱ። ተናድጃለሁ፤ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ።

በኋላ «አንድ ነገር ለምንልኝ» አሉኝ፤ «የመጨረሻው ሰልፍ ላይ ልቁም።»

የመጨረሻው ሰልፍ ማለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አርበኞቹ በኮረብታው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው ከሩቅ የሚነሱት ነው። ሙሴ ሉዊ ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ርቀት ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ ትቁም አለ።

ተሰለፉ። ወይዘሮ በላይነሽ ከመሃል ቆሙ፤ ከቀኛቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ተዉ። ከዚያ ቦታ ወዲያ ኦቦ ገመዳ ቆሙ። ሙሴ ሉዊ በካሜራው አይቶ «መሃል ላይ ክፍተት አለ፤ ተጠጉ በላቸው!» አለኝ። ጮኼ ነገርኳቸው። አልተጠጉም። ፀሐይዋ እየወረደች ነው። ዳገቱን ሮጬ ወጣሁ።

«ኦቦ ገመዳ፣ ይጠጉ ይላል» አልኩ እያለከለክሁ።

ኦቦ ገመዳ ፊታቸውን ሳይመልሱ «ቦታው ተይዟል በለው» አሉኝ።

ይህችን አረፍተ ነገር ባቡር ውስጥ ዘወትር በፈረንሳይኛ የምላት ናት፤ እንደዚያ ቀን አድርጌ ግን ብያት አላውቅም። ቁልቁል እየወረድኩ ጮኼ ነገርኩት። ሙሴ ሉዊ ክፍተቱን አየ፣ ፀሐይዋን አየ፤ እጁን ጣለና አንሱት አለ። እንዳነሱ ብርሃኑ ሄደ፤ የሚደገምበት ጊዜ አልነበረም።

እሑድ

ተመለስኩ። ወይዘሮ በላይነሽ ጭኮ ቋጥረውልኝ ነበር፤ አዋሽ ሳልደርስ ቅቤው ቀልጦ ኮቴን አበላሸው። ድሬዳዋ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ባለቤቴ «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» አለችኝ፤ ስለ ጭቃው፣ ስለ በሬዎቹና ስለ አክስትየው ነገርኳት።

ፊልሙ ወደኛ ሲኒማ የመጣው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ብቻዬን ሄድኩ። ሴቶቹ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ውሃ ይዘው አለፉ። ወንዶቹ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሆ አሉ፤ ሰው ሳቀ። ፉከራው የለም። የወይዘሮ በላይነሽ ፊት የትም የለም። ልነሳ ስል የመጨረሻው መጣ፤ ኮረብታው፣ ፀሐይዋ፣ ጥቁር በጥቁር ሆኖ የሚታየው ሰልፍ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ሰማዩ የሚታይበት ክፍተት።

አጠገቤ የማላውቀው ሰው ሚስቱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ጣቱን ወደ ሸራው ዘረጋና «እዚያ መሃል ሰው ጎድሏል» አላት።

ወደሱ ዞሬ «አዎ» አልኩት፤ «አያንቱ ትባላለች።»